ጊዜ የሚፈልገው ይቅደም፦ ሦስት ተማሪዎች ያሉት አንድ ቤት ከሐምሌ እስከ መስከረም

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ስድስት ሰው ይኖርበታል፦ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አባት፣ ሰፈር ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያላት እናት፣ የአባት እናትና ሦስት ልጆች። ትልቋ 15 ዓመቷ ነው፤ የ8ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ትገባለች። መሐሉ ወንድ ነው፣ 10 ዓመቱ፤ በግል ትምህርት ቤት ወደ 4ኛ ክፍል አልፏል። ትንሿ ገና 4 ዓመቷ ነው፤ ከቤት ተለይታ ውላ አታውቅም፤ ወንድሟ በሚማርበት ግቢ አጸደ ሕፃናት ትጀምራለች። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይኸው ቤት ዝግጅቱን የጀመረው በጳጉሜ፣ መርካቶ በመውረድ ነው። ቦርሳ፣ ደብተርና ጫማ በአንድ ቀን ተገዝቶ አለቀ፤ ሁሉም ሰው የተዘጋጀ መሰለው። ልብስ ሰፊው ጋ ሲኬድ ግን ወረፋው ሞልቷል። ዩኒፎርሙ የደረሰው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስለነበር ልጁ እስከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረውን ያምናውን ሱሪ ለብሶ ተመላለሰ። ጠዋት ጠዋት ለመቀስቀስ ትግል ነበር፤ ሰርቪሱ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጥሎት ሄደ። የተርሙ ክፍያ ከበዓሉ ወጪ ጋር ተደራርቦ ከዘመድ ተበደሩ።

ሰነፍ ቤት አልነበረም። ሥራው ሁሉ ተሠርቷል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ቦርሳና ደብተር የበዓል ዋዜማ ማታም ይገኛል። የልብስ ሰፊ ወረፋ፣ ከወረዳ የሚወጣ ማስረጃ፣ የመነጽር ሥራና የልጅ እንቅልፍ ግን ገንዘብ ስለተጨመረባቸው አይፋጠኑም። ስለዚህ በ2017 ክረምት እናት የቁም ሳጥኑን በር ከውስጥ በኩል ከፍታ ወረቀት ለጠፈችና ለሁለት ከፈለችው፤ በአንድ በኩል ጊዜ የሚፈልገውን፣ በሌላው በኩል ገንዘብ ብቻ የሚፈልገውን ጻፈች። የመጀመሪያው ረድፍ ከሐምሌ ጀመረ፤ ሁለተኛው ነሐሴ መጨረሻ ድረስ አልተነካም።

ወረቀቱ

ለትንሿ ምዝገባ የተጠየቀው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና አራት ጉርድ ፎቶ ነበር። ለትልቋ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ውጤትና የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ካርድ፣ ዋናው ከነፎቶ ኮፒው። ሁሉም ቤት ውስጥ ነበር። ችግሩ የታየው ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ ነው፤ የአባት ስም በትንሿ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በክትባት ካርዷ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። በአማርኛው ልዩነቱ የ«ሐ» እና የ«ኃ» ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ግን ሁለት ሰው የሚያስመስል ሆኖ ተገኘ።

ለአጸደ ሕፃናት ማንም አይከለክላትም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስህተት ከልጁ ጋር ያድጋል፤ በክልላዊ ፈተና ምዝገባ፣ በ12ኛ ክፍል፣ በፓስፖርት ላይ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ባደገ ቁጥርም ማረሚያው ይከብዳል። የክትባት ካርድ ላይ ያለው ስም በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ክብደት የለውም። መያዝ ያለበት የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። አባት ሐምሌ 16 ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ የራሱን መታወቂያ፣ የእናቲቱን መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃቸውን ይዞ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አንዱ ቀን ሲስተም የለም ተብሎ ባከነ። የታረመው ወረቀት የወጣው ነሐሴ ውስጥ ነው። ይህን በጳጉሜ ቢጀምሩት ኖሮ በዓሉን አልፎ ትምህርት ከተከፈተ በኋላም አያልቅም ነበር።

ጉርድ ፎቶውን አራት ብቻ አላነሱም። ለእያንዳንዱ ልጅ ስምንት ስምንት አሳጥበው በፖስታ ላይ ስም ጽፈው አስቀመጡ፤ ለሰርቪስ፣ ለመታወቂያ፣ ለቤተ መጻሕፍት እያለ በመስከረም ተጨማሪ የሚጠየቀው ሁልጊዜ ጉርድ ፎቶ ነውና።

ልብስና ጫማ

መሐሉ ልጅ በክረምቱ ቁመት ጨምሯል። ትምህርት ቤቱ ጨርቁን ይሸጣል፤ ማሰፋት የወላጅ ነው። እናት ወደ ልብስ ሰፊው የወሰደችው ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰፊው ፊት አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር አስጠነቀቀችው። አንደኛ፣ ልኬቱ የተወሰደው ልጁ ሹራቡን እንደለበሰ ነው። የመስከረምና የጥቅምት ጠዋት ይበርዳል፤ በቀጭን ሸሚዝ የተለካ ኮት ሹራብ ሲደረብበት ብብቱ ላይ ይይዛል፣ እጅ ሲነሳም ስፌቱ ይተረተራል። ሁለተኛ፣ «ጋሼ፣ እጥፋቱን አትቁረጡብኝ» አለችው። ሰፊዎች ሥራ ሲበዛባቸው የሱሪውን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ብቻ አጥፈው የቀረውን ይቆርጣሉ። ስድስት ሴንቲ ከታጠፈ በጥር አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል፤ አንድ ሱሪ ሙሉ ዓመት ይወስዳል። ወገቡ ላይም ከኋላ በኩል ላስቲክ ገባበት። ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ኮት አሠሩ። ሸሚዙ ከሱሪው የበለጠው ክረምቱ ስላልወጣ ነው፤ በዝናብ ወቅት የታጠበ ሸሚዝ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል።

ጫማ ላይ አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው «ለከርሞም ይሆነዋል» በሚለው ሐሳብ ነው። አምና ለልጁ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቆዳ ጫማ ተገዝቶለት፣ እግሩ ውስጡ ስለሚንሸራተት ተረከዙ ተላልጦ፣ ጫማውም በጣቶቹ መታጠፊያ ሳይሆን ከፊት ባዶው ቦታ ላይ ታጥፎ በጥር ተሰነጠቀ። ዘንድሮ ልጁን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ በሚያብጥበት ሰዓት፣ ካልሲ አድርጎ ካርቶን ላይ አቆሙት። ሁለቱም እግር በእርሳስ ተዞረ፤ የቀኙ በትንሹ ይረዝማል። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት ስፋት፣ ማለትም ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ተጨምሮ ካርቶኑ ተቆረጠ። መርካቶ የሄደው አባት ብቻውን ነበር፤ ካርቶኑን ጫማው ውስጥ እያስገባ ገዛ። ካርቶኑ ሳይጨማደድ ወለሉ ላይ ከተኛ ጫማው ልክ ነው፤ ከጎን ከተጣጠፈ ጠባብ ነው፣ ቁጥሩ ምንም ይበል። የጫማ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ካርቶን ግን አይዋሽም።

ዓይኑም የታወቀው በዚያው ሰሞን ነው። ልጆቹን በየተራ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሦስት ሜትር ያህል አርቀው አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍነው ቁጥር አስነበቧቸው። መሐሉ ልጅ በቀኙ ያነበበውን በግራው ማንበብ አልቻለም። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ዓይኖች እኩል ካላነበቡ ወደ ዓይን ክሊኒክ መውሰድ ግድ ነው። ከምርመራ እስከ መነጽር ያለው አሥር ቀን ፈጀ። አምና ሙሉ ዓመት «ከሰሌዳ አይገለብጥም» እየተባለ በኮሚኒኬሽን ቡኩ ሲጻፍበት የነበረ ልጅ ነው፤ ይህን ማሰብ በእውነት ያማል።

ገንዘቡ

ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው የነሐሴን ደሞዝ ይዞ አምስቱን ቀን (በየአራት ዓመቱ ስድስቱን) ጨምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ 35 ቀን መዝለቅ አለበት። በዚያው 35 ቀን ውስጥ እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ በመሐል ደግሞ የተርም ክፍያ፣ ሰርቪስና መጻሕፍት ይወድቃሉ። ወጪው ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ በዓመቱ ረጅሙ ደሞዝ የሌለው ጊዜ ላይ መከመሩ ነው።

እናት ሳምንታዊ ዕቁብ አላት። ዕጣዋ የወጣው ግንቦት ላይ ነበር። ገንዘቡን ተቀብላ ሱቅ ውስጥ ብታስገባው እንደሚቀልጥ ስላወቀች ለዕቁቡ ዳኛ ነግራ፣ ተራዋን ለአስቸኳይ ጉዳይ ለቸገረው ሌላ አባል ለቀቀችና እሱ ዕጣ ሲወጣለት እሷ እንድትወስድ ተስማሙ። ይህ በዳኛውና በጸሐፊው ፊት፣ በዋስ መደረግ አለበት፤ በቃል ብቻ ከሆነ ጎረቤት ያጣላል። የእሱ ዕጣ የወጣው ሐምሌ መጨረሻ ነው። ገንዘቡ በእጇ ሳይቆይ የሁለቱ ልጆች የመጀመሪያ ተርም ክፍያ በቀጥታ ባንክ ገባ፤ ደረሰኙም ከጉርድ ፎቶዎቹ ፖስታ ጋር ተቀመጠ።

ለበዓሉ በግ ቀረና ብሎኩ በሙሉ የገባበት ቅርጫ ውስጥ አንድ መደብ ወሰዱ። ዶሮው ግን አልቀረም፤ አያት «ዓመት በዓል ያለ ዶሮ ወጥማ አይሆንም» ብለዋል፣ ትክክልም ናቸው። ልጆች አዲሱን ዓመት በጉድለት ስሜት መጀመር የለባቸውም።

ደብተር

አሁን የሁለተኛው ረድፍ ተራ መጣ። ከመግዛት በፊት ያለውን መቁጠር ነበረባቸው። ትልቋ ያለፈውን ዓመት ደብተሮች ሁሉ አወጣች፤ ግማሽ ድረስ ያልተጻፈባቸው ሰባት ተገኙ። የተጻፈበት ተቀዶ የቀረው የሒሳብና የፊዚክስ ራፍ መሥሪያ ሆነ።

መሐሉ ልጅ ሰባት ትምህርት በደብተር ይማራል፤ ለአማርኛ፣ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ የክፍል ሥራና የቤት ሥራ ለየብቻ ስለሚፈለግ አሥር ደብተር ይሆናል። ትልቋ አሥራ ሁለት ትምህርት አላት። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከከተማ አስተዳደሩ ደብተርና ዩኒፎርም የሚያገኙበት አሠራር ስላለ አባት አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን ጠየቀ፤ እደላው አለ፣ ቀኑ ግን አልተቆረጠም አሉት። ስለዚህ ስድስት ብቻ ተገዛላት። አንዱን ደብተር ከፊት ለአንድ ትምህርት፣ ከኋላ ገልብጣ ለሌላ ተጠቀመችበት። አሥር ሲደመር ስድስት አሥራ ስድስት፤ መርካቶ በደርዘን ሲገዛ ስለሚረክስ ሁለት ደርዘን ወስደው ስምንቱን ለጎረቤት አካፈሉ።

የገዙት ባለ 50 ሉክ ነው። በጣም ርካሹን ያልገዙበት ምክንያት ወረቀቱ ነው፤ የሳሳ ወረቀት ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ልጁ በሁለቱም ገጽ መጻፍ ስለማይችል ደብተሩ በግማሹ ያልቃል። ሱቅ ውስጥ ሳሉ መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ገልብጦ ማየት ይበቃል።

በመጻሕፍት ላይ አንድ ገንዘብ ጠፍቷል። አባት ለትልቋ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍት ረከስ ያለ አገኘሁ ብሎ አምስት ይዞ መጣ። ሦስቱ ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት የታተሙ ነበሩ። መለያው ቀላል ነው፦ አሮጌው የመጽሐፍ ስብስብ ውስጥ «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» አለ፤ አዲሱ ላይ «የዜግነት ትምህርት» ነው፣ ኢኮኖሚክስም ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። ነጠላ መጽሐፍ ሲገዛ ደግሞ የውስጥ ሽፋኑ ላይ የኅትመቱን ዓመት ማየት፣ ከዚያ የምዕራፍ ርእሶቹን ከሌላ ተማሪ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ነው። ሻጩ ሦስቱን አልመለሰም።

እንቅልፍ

በክረምቱ ልጆቹ የሚተኙት ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፎ፣ የሚነሱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ሰርቪሱ ከብሎኩ ሥር የሚቆመው 1 ሰዓት ላይ ስለሆነ መነሻቸው 12 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ። በቀን 15 ደቂቃ ከተሳበ 11 ቀን ይፈጃል። ቤቱ የጀመረው ነሐሴ 24 ነው፤ የበዓሉ ዋዜማ ማታ ችቦና እንግዳ ስላለ ልጅ አይተኛም፣ ያ ቀን እንደሚበላሽ ታስቦ አራት ቀን ትርፍ ተያዘ።

የሚሳበው የመኝታ ሰዓት አይደለም፤ የመነሻ ሰዓት ነው። ያልደከመ ልጅ በግድ ቢያስተኙት ጨለማ ውስጥ ሲገላበጥ ያድራል። ማለዳ የተቀሰቀሰ ግን ማታ እንቅልፉ ራሱ ይጥለዋል። እንደተነሱ መጋረጃ ተከፈተ፣ ሰማዩ ዳመና ቢሆንም በረንዳ ወጡ። ቀን መተኛት ለትንሿ ብቻ ተፈቀደ፣ ያውም ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። ቴሌቪዥንና ስልክ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጠፋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 ዓመት በላይ ላለ ተማሪ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሐሉ ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት ነበረበት። ይህ ማለት የቤቱ እራት ከ2 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት መምጣት አለበት ማለት ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ ይህ ከበዳቸው፤ እናት ሱቅ የምትዘጋው 2 ሰዓት ላይ ነውና። አያት የማብሰሉን ኃላፊነት ተረከቡ፣ እናት ሱቅ ዘግታ ስትመጣ የተቀመጠላትን እየበላች ሰነበተች።

የትንሿ ምሳ ዕቃ

ለአጸደ ሕፃናት ልጅ ፊደል ከማስቆጠር በፊት የሚያስፈልጋት ሦስት ነገር ነው፦ መጸዳጃ ቤት ብቻዋን መጠቀም፣ ጫማዋን ራሷ ማድረግና ምሳዋን ራሷ መክፈት። ለምሳ የተገዛላት ብረት ምሳ ዕቃ በጎኑ ሁለት ማያያዣ ነበረው። ሱቅ ውስጥ አባት ከፈተው፣ ዘጋው፣ ጥሩ ነው አለ። ቤት ሲመጣ ትንሿን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ሰጧት። አውራ ጣቷ ማያያዣውን ለማንሳት ጉልበት አልነበረውም፤ በጥርሷ ሞከረች፣ ከዚያ አልቅሳ ገፋችው። በማግስቱ ተመልሶ ክዳኑ የሚዞር ተገዛ። እሱም ቢሆን ትኩስ ምግብ ገብቶ ወዲያው ሲዘጋ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ይስበውና አዋቂም ይቸግረዋል። በየቀኑ ቤት ውስጥ ምሳዋን ከዚያው ከፍታ እየበላች አሥር ቀን ተለማመደች።

ምግቡ የሚታሸገው 12 ሰዓት ተኩል፣ የሚበላው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል መሐል አለ። ፍርፍር ትኩሱን ከታሸገ ያልባል፣ ይላቁጣል፣ ልጅ አይበላውም። ስለዚህ ፍርፍሩ ሳህን ላይ ተዘርግቶ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ መረቁም ይቀንሳል። እንቁላልና ሥጋ ያለበት ምግብ በተራ ምሳ ዕቃ አይላክም፤ የሚላክ ከሆነ በቴርሞስ ምሳ ዕቃ ነው፣ ያውም መጀመሪያ የፈላ ውኃ ተሞልቶበት አሥር ደቂቃ ከቆየና ምግቡ የሚፋጅ ሆኖ ከገባ ብቻ። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ፍርፍር ወይም ፓስታ በስጎ፣ በሌሎቹ ቀናት ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ በአትክልት። ለመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ምግብ አልተሞከረም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለትንሿ በቂ አዲስ ነገር ነው።

የመንገዱ ልምምድ

ትልቋ እስካሁን በእግሯ ነበር የምትማረው። አሁን ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ከአባቷ ጋር ማክሰኞ ነሐሴ 27 ጠዋት ተለማመዱ፤ 35 ደቂቃ ፈጀ። እንግዲያው 1 ሰዓት ከሩብ ብትወጣ ለ2 ሰዓት አሥር ጉዳይ ትደርሳለች ብለው አሰሉ፣ ብዙ ጊዜ ተረፋት። ትምህርት በተከፈተ ዕለት ግን አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጀባት፤ ዘግይታ ገባች። ነሐሴ ላይ ከተማው ውስጥ የትምህርት ቤት ሰርቪስና ተማሪ የሚያደርስ የቤት መኪና የለም፤ የታክሲ ሰልፉም ግማሽ ነው። የነሐሴ ልምምድ መንገዱን ለማወቅ ይጠቅማል፣ ሰዓቱን ለመለካት ግን አይበቃም፤ የተገኘውን ጊዜ እጥፍ አድርጎ መጀመር፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ መቀነስ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ 12 ሰዓት ከሃምሳ ወጣች።

የወንድሟ ችግር ቦርሳው ላይ ታየ። በአራተኛው ቀን ትከሻው ላይ ቀይ ምልክት ወጥቷል። አባት መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ወስዶ ልጁንም ቦርሳውንም አስመዘነ፦ ልጁ 28 ኪሎ፣ ቦርሳው 5.4። ሸክሙ ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለእሱ ከ2.8 እስከ 4.2 ኪሎ ማለት ነው። ሲፈተሽ ልጁ እንዳይረሳ ብሎ ሁሉንም ደብተርና መጽሐፍ በየቀኑ ይሸከማል፤ አንድ ሊትር ውኃም አለ፣ ብቻውን አንድ ኪሎ። የክፍል ፕሮግራሙ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተለጠፈ፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት የነገውን ብቻ ራሱ ይሞላል፤ የውኃ መያዣው በግማሽ ሊትር ተቀየረ። በማግስቱ 3.6 ኪሎ ሆነ።

ትንሿ ለሦስት ቀን በር ላይ አለቀሰች። እናት እንድትደበቅ ሳይሆን ተሰናብታ፣ «ምሳሽን በልተሽ ስትጨርሺ አያትሽ ይመጣሉ» ብላ እንድትሄድ ነበር የተስማሙት፤ ሰዓት ለማታውቅ ልጅ «በ6 ሰዓት ተኩል» ትርጉም የለውም፣ ምሳ ግን ታውቃለች። አያት አንድም ቀን አልዘገዩም። በአራተኛው ቀን ባዶ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እያሳየቻቸው ወጣች።

ለትልቋ የሚታደለው ደብተር የደረሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ቁም ሳጥኑ በር ላይ ያለው ወረቀት አልተነሳም፤ እናት ከግርጌው ሦስት መስመር ጨምራበታለች፦ የጫማው ካርቶን የት እንዳለ፣ የልብስ ሰፊው ቀን ነሐሴ 3 መሆኑንና «የዓይን ምርመራ፣ ሐምሌ» የሚል።